የላክሁልሽ መግቢያ

ኅዳር 3

ለቁንጥንጧ የወንድሜ ልጅ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ፕሪንተሩ ወረቀት ውጦ አልመልስም ብሎኝ፣ ክንዴን እስከ ክርኔ አስገብቼ ስጎትት ነው። ፖስታውን በጥርሴ ቀድጄ ከፈትኩት። አንብቤ ስጨርስ "እሰይ!" ብዬ ጮህኩ፤ ተሰልፈው የሚጠብቁኝ ተማሪዎች ሎተሪ የወጣልኝ መስሏቸው "እንኳን ደስ ያለሽ" አሉኝ። እኔም "እንኳን አብሮ ደስ ያለን" አልኳቸው። ምን ላድርግ? ደስ ብሎኛላ! ዩኒቨርሲቲ የገባች የወንድሜ ልጅ ለመመረቂያ ጥናቷ ምክር የጠየቀችው እኔን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የቀረችውን አክስቷን!

ስልክ እያለ በእጇ ትጽፋለች ብለሽ ትስቂብኝ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ የሰው ሐሳብ ስተይብ ነው የምውለው፤ የራሴን ለመጻፍ እስክሪብቶ ደስ ይለኛል። ደግሞ በስልክ አንቺ "እሺ" ትያለሽ፣ እኔ አወራለሁ፣ ካርዱ ያልቃል። በወረቀት ማን ያቋርጠኛል?

መግቢያ እንዴት ይጀመራል ላልሽኝ፣ ሰው አታስቸግሪ፤ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮሌጁ በር ላይ ስተይብ በእኔ ጣት ያልተመረቀ የለም። መግቢያ ማለት ከሰማይ ወደ ምድር መውረድ ነው። መጀመሪያ "በዓለም ላይ" ትያለሽ። ትንሽ ወረድ ብለሽ "በታዳጊ አገሮች"። ከዚያ "በአገራችን"። ከዚያ "በዚህች ከተማ"። መሐል ላይ "ይሁን እንጂ" ታስገቢያለሽ። ያለ "ይሁን እንጂ" ያለፈ ፕሮፖዛል በበኩሌ አላየሁም። ነጠላ ሰረዝ እንዳትረሺ። እዚህ መንገድ ላይ ስሜ ራሱ "ነጠላ ሰረዝ" ሆኗል፤ የረሳ ተማሪ ላይ ስለምጮህ።

የጥናት ጥያቄሽን በተመለከተ ግን አትቀየሚኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ከተከራየሽው ክፍል ሥር ያሉት ልብስ ሰፊዎች ጠዋት ስትወጪ እየጠሩ መርፌያቸው ውስጥ ክር አስገቢልን ይሉሻል፤ መነጽር ግን መሳቢያቸው ውስጥ አለ። አንቺም "መነጽር እያላቸው ለምን አያደርጉም?" ብለሽ ልታጠኚ ነው። ልጄ፣ ይሄ ጨዋታ ነው እንጂ ጥናት ነው? እኔ ስንት ፕሮፖዛል ተይቤያለሁ፤ ስለ ወባ፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ንጹሕ ውሃ። መርፌና ክር አላጋጠመኝም። መምህራኑ ይስቁብሻል። የጤና ተማሪ ነሽ፤ የጤና ተማሪ የሚያህል ጥያቄ ያዢ።

ፕሮፖዛሉን እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ያላስገባ፣ ያስገባም ያልተቀበሉት፣ ዓመቱን ይደግማል ብለሻል። አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ አትደግሚም። በሳምንት ጊዜ ውስጥ የሆነ ነገር ይደርስሻል።

አባትሽ ደህና ነው። ጋራዥ ስሄድ እንደ ድሮው ከመኪና ሥር እግሩ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ እግሩን ሰላም ብዬ እመለሳለሁ። ላገኘው ሰው ሁሉ "ልጄ ጥናት ላይ ናት" ይላል። ጥናቱ ምንድን ነው ሲሉት ግን ተመልሶ መኪናው ሥር ይገባል።

አክስትሽ

ኅዳር 13

የእኔ እናት፣

መግቢያ የጫንኩባትን ፍላሽ ለአውቶቡሱ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ፤ ያ ወፍራሙ፣ የሚስቁ ጥርሶች ያሉት። መናኸሪያ ወርደሽ ተቀበይው። በወረቀት ጠቅልዬ፣ በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ ካልሲ ውስጥ ከትቻታለሁ። ካልሲው አዲስ ነው፣ አትሳቂ፤ እሱንም አድርጊው።

ውስጧ ያለው መግቢያ ከስንቱ መርጬ ያወጣሁት ነው። "የከተማ ነዋሪዎች የጤና ተቋማት አጠቃቀም" ይላል። ስፋቱን አየሽ? ቁጥር አለው፣ ፐርሰንት አለው፣ "ይሁን እንጂ" ሁለት ቦታ አለው። የጥናት ጥያቄዎቹም ከሥሩ ተደርድረዋል። አንቺ የከተማውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ለውጪ።

"የሌላ ሰው አይደለም ወይ?" ላልሽኝ፣ ነው እንግዲህ። ግን መግቢያ እንደ ሰላምታ ነው። "እንዴት ከረምሽ፣ ለጤናሽ እንዴት ነሽ" የማን ነው? የማንም ነው። አንዱ ብሎታል ብለን ሰላምታ እንተዋለን? ዋናው ጥናት ያንቺ ይሁን። በሩን ማን ቢሠራው ምን አለብሽ፣ ግቢ ብቻ። ከእኔ ኮምፒውተር ስንቱ በዚህ መንገድ ገብቶ ዛሬ ኃላፊ ሆኗል፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ የመኪናውን መስኮት ዘግቶ ያልፋል።

"አማካሪዬ ጠንቃቃ ነው" ስላልሽው አትፍሪ። ጠንቃቃ ሰው የሚያየው ነጠላ ሰረዙን ነው፤ እሱን ለእኔ ተይው፣ ሁሉንም አይቼዋለሁ።

አንድ አደራ ብቻ። ሁለተኛው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ያለችውን ዓረፍተ ነገር እንዳትነኪያት። "ያልተጠየቀ ችግር እንደ ተዘጋ ቤት ነው፤ ውስጡ ማን እንዳለ አይታወቅም" የምትለዋን። ቆንጆ ናት።

አክስትሽ

ኅዳር 29

ለአክስቴ፣

ፍላሹም ካልሲውም ደርሶኛል። ፕሮፖዛሉን አስገብቻለሁ። ለአባቴ ንገሪው ያልሽኝን ራስሽ ንገሪልኝ፤ ገብቷል በይው፣ ከዚያ በላይ አትበይው።

በስልክ ከሳልሽ ወይ ላልሽኝ፣ አልከሳሁም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያንን መግቢያ መጀመሪያ የጻፈው ማን እንደሆነ ታስታውሻለሽ? ዝም ብዬ ነው የምጠይቅሽ።

የወንድምሽ ልጅ

ታኅሣሥ 7

ልጄ፣

ምን ሆነሽ ነው ግማሽ ገጽ የጻፍሽው? ወረቀት ተወደደ? እኔ የደብዳቤሽ ጀርባ ላይም ጽሑፍ አለ ብዬ ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት።

መግቢያውን ማን ጻፈው ላልሽኝ፣ ስንቱን ላስታውስ? አንዱ ይጽፋል፣ ሁለተኛው ይወስዳል፣ ሦስተኛው ያስረዝማል። ይሄኛው ግን ቆየት ያለ ነው፤ የሱቄ ጣሪያ ገና ያፈስ በነበረበት ጊዜ የተተየበ። አንድ አንገቱ የረዘመ ተማሪ ነበር መሰለኝ። ዝናቡ በጣሪያው ሲመጣ ጃኬቱን አውልቆ ኮምፒውተሬን አለበሰልኝ፣ እሱ በሸሚዝ ይንቀጠቀጣል። ጨዋ ልጅ። የት እንደደረሰ እንጃ። ለምን ጠየቅሽኝ? "ዝም ብዬ ነው" የምትይው ነገር አልጣመኝም። አራት ዓመት ሆኖሽ ብርጭቆ ሰብረሽም "ዝም ብዬ ነው" ብለሻል።

ለአባትሽ "ገብቷል" አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመኪናው ሥር ሙሉ ሰውነቱ ወጣ። በግሪስ እጁ አቀፈኝ፤ ቀሚሴ ላይ አምስት ጣት አለ፣ አይታጠብም ያልኩት እኔው ነኝ።

መልሱ መቼ ነው የሚነገራችሁ? በቶሎ ጻፊልኝ።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 18

አክስቴ፣

ስትደውዪ ስልክ አላነሣሁም። ድምፅሽን ብሰማ ስለማለቅስ ነው።

መግቢያውን የጻፈው አማካሪዬ ነው። አንገቱ ረጅም ነው። እናንተ ጋ ኮሌጅ ሳለ ለመመረቂያው የጻፈው ነው። ቢሮው ጠርቶ አስቀመጠኝና ሻይ አስመጣልኝ፤ ከዚያ ያቺን አደራ ያልሽኝን ዓረፍተ ነገር በቃሉ አለልኝ፣ ወረቀቱን ሳያይ።

"ከየት አመጣሻት?" አለኝ።

"አንብቤ ነው" አልኩት።

"እኔም ከየት እንደመጣች አላውቅም" አለኝ። "ጥናቴን ሳቀርብ ፈታኞቹ 'ይህ አባባል የማን ነው? ምንጩ የት አለ?' ብለው አፋጠጡኝ። እኔ አልጻፍኳትም። ወረቀቴ ውስጥ እንዴት እንደገባች እስካሁን አላውቅም። በእሷ ምክንያት ነጥብ ቀንሰውብኛል። ስለዚህ የትም ባያት አውቃታለሁ።"

ሻዩን አልጠጣሁትም። ጉዳዩን ለኮሚቴ አስተላልፎታል፤ ማስተላለፍ ግዴታው ነው፣ አልቀየምኩትም። ያስገባሁት ውድቅ ሆኗል። ኮሚቴው በጥር ይሰበሰባል፤ ወይ ዓመት አጣለሁ፣ ወይ ጨርሶ ያሰናብቱኛል።

ከአንቺ እንዳገኘሁት ለማንም አልተናገርኩም። አንቺም ዝም በይ። የገለበጥኩት እኔ ነኝ፣ ፊርማዬን ያኖርኩበትም እኔ ነኝ። የጤና ተቋም አጠቃቀም ጉዳዬ እንዳልነበር እያወቅሁ ነው ያደረግኩት። ለአባቴ እንዳትነግሪው።

የወንድምሽ ልጅ

ታኅሣሥ 24

የእኔ እናት፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀመርኩት። ለሰው ሁሉ ቃል የማያልቅብኝ ሴትዮ ዛሬ አለቀብኝ። ሱቁን ዘግቼ፣ "ለጊዜው ተዘግቷል" የሚል ወረቀት ለጥፌ ነው የምጽፍልሽ። አንዷ ተማሪ በበሩ ስንጥቅ አይታኝ "ነጠላ ሰረዝ፣ አለሽ አይደል እንዴ?" ብላ አንኳኳች። የለሁም አልኳት።

ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ።

አሁን ለራሴም ሳነበው ያሳፍረኛል። እንዲህ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሐሳብ በጣቴ ሲያልፍ፣ አንዳንዴ ጎዶሎ የሚመስለኝ ቦታ ነበር። "እዚህ ጋ እንዲህ ቢባል" እላለሁ በሆዴ። አንድ ቀን ተየብኩት። ለማንም አልነገርኩም። ጥራዙ ሲጠረዝ፣ ጥቁር ሽፋን ሲለብስ፣ በወርቃማ ፊደል ስም ሲጻፍበት፣ ውስጡ አንዲት የእኔ ነገር አለች ብዬ ደስ አለኝ። አንቺ ስምሽን ሽፋን ላይ ታያለሽ፤ እኔ ስሜ የትም ላይኖር አንዲት መስመር ብትኖረኝ ምን ይጎዳል አልኩ። ከዚያ በኋላ ለወደድኩት ተማሪ ሁሉ አስገባሁለት። ስጦታ መስሎኝ! ስንት ጥራዝ ውስጥ እንዳለች አላውቅም። ያ ጃኬቱን አውልቆ ኮምፒውተሬን ያለበሰልኝ ልጅ በእኔ ስጦታ ፈታኞች ፊት አንገቱን እንደደፋ ስሰማ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አንቺን ደግሞ እንዳትነኪያት ብዬ አደራ አልኩሽ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ አፈሰስኩ፣ መልቀሙን ለአንቺ ተውኩት።

ዝም በይ ብለሽኛል። ከትናንት በስቲያ ግን ለአማካሪሽ ጽፌያለሁ፣ በኮሚቴው አድራሻ። "አንተ" ልበለው "እርስዎ" ልበለው ስል ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ መጨረሻ "እርስዎ" አልኩት። መግቢያውን ከእኔ ኮምፒውተር አውጥቼ የላክሁላት እኔ ነኝ፣ ዓረፍተ ነገሯም የእኔ ናት፣ ያስገባኋትም ስሜ የትም ላይኖር አንዲት መስመር ብትኖረኝ ብዬ ነው፣ የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት ለደረሰብዎትም ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብዬ ፈርሜያለሁ። በእጄ ጽፌ። ምናልባት ያቀልልሽ እንደሆነ።

ለአባትሽ አልነገርኩትም። ጋራዡ በር ድረስ ሄጄ እግሩን አይቼ ተመለስኩ።

ይቅር በይኝ ለማለት ገና አልደፈርኩም።

አክስትሽ

ጥር 21

አክስቴ፣

ከዚያ ወዲህ የጻፍሽልኝ ሦስቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ያልመለስኩልሽ ተቀይሜ አይደለም፤ ውሳኔው ሳይታወቅ የምጽፈው ስላልነበረኝ ነው።

አላሰናበቱኝም። ዓመቱን ግን አጥቻለሁ። በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ርዕስ አቀርባለሁ፤ አብረውኝ የገቡት በሰኔ ይመረቃሉ፣ እኔ አልመረቅም።

ደብዳቤሽ ጠቅሞኛል ወይ ላልሽኝ፣ ጠቅሞኛል። ሰብሳቢዋ ጮክ ብላ አነበበችው። "ስሜ የትም ላይኖር" የምትለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። አማካሪዬ ተነሥቶ ወጣና የድሮ ጥራዙን ይዞ መጣ። ዓረፍተ ነገሯ በቀይ ተሰምሮባታል፣ ጎኗ ላይ "የማን?" ተብሎ ተጽፏል። ጠረጴዛው ላይ ከፍቶ አስቀመጠው። ሲወጣ "አክስትሽ ጣሪያውን አሠራች?" ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

ከዚያ በፊት ግን ሰብሳቢዋ "ራስሽ ያሰብሽው ጥያቄ አልነበረሽም?" አለችኝ። ስለ ልብስ ሰፊዎቹ፣ ጠይቄያቸው የሰማሁትን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን የማያደርጉት ደንበኛ ካያቸው "ዓይኑ ደክሟል፣ እጁም ደክሟል" ብሎ ጨርቁን ይዞ ወደ ሌላ እንደሚሄድ፤ አንዱ መርፌ ጣቱን ወግቶት ሁለት ሳምንት እንዳልሠራ፣ ለደንበኛው ግን "ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር" እንዳለ። የሳቀ የለም፣ አክስቴ። ሁሉም ጻፉ። አማካሪዬ እስክሪብቶውን አስቀመጠና "ይቺን በኅዳር ብታመጪልኝ ኖሮ፣ በዚያው ቀን ነበር የምፈርምልሽ" አለኝ።

ከሁሉም ያመመኝ ይሄ ነው። ኮሚቴውም አይደለም፣ ዓመቱም አይደለም።

ለአባቴ ራሴ ጽፌለታለሁ፤ ሳይደርሰው አይቀርም። ለፋሲካም ወደ ቤት አልመጣም። እዚሁ ቆይቼ ሰፊዎቹን አንድ በአንድ አናግራለሁ፤ ለአዲሱ ይሆነኛል። መግቢያውንም ጀምሬዋለሁ። ስለ መተየቡ አትጨነቂ፣ እዚህ ራሴ እተይበዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። መጀመሪያ በጻፍኩልሽ ጊዜ ጥያቄው በእጄ ነበር። የላክሁልሽ እንድታይልኝ ነበር እንጂ ሌላ እንድትሰጪኝ አልነበረም። ለምን ትንሽ ነው አልሽኝ? ከልብሽ ትንሽ መስሎሽ ነበር?

የወንድምሽ ልጅ

ጥር 30

ልጄ፣

አባትሽ ደብዳቤሽን ይዞ ሱቄ ድረስ መጣ። ሱቄ መጥቶ አያውቅም። ተማሪ መሐል ቆሞ፣ በዚያ በግሪስ ቱታው፣ "ይህን ከእኔ ደብቀሽ ነው ከወር በላይ እግሬን ሰላም የምትይው?" አለኝ።  ከዚያ ተቀመጠ። ወረቀት የተከመረበት በርጩማ ላይ፣ የአንዱ ተማሪ ምዕራፍ ሦስት ላይ። ደብዳቤሽን አጣጥፎ ኪሱ እየከተተ "የመርፌው ነገር ግን ጎበዝ ጥያቄ ነው" አለኝ። ከመኪና ሥር ወጥቶ የማያውቅ ሰው! እሱ እንኳን በአንድ ንባብ ገባው።

ስለዚህ መልስሽ ይኸው። ሳልቆነጥር።

አልመሰለኝም። የመጀመሪያ ደብዳቤሽን ሳነብ እጄ ፕሪንተር ውስጥ ነበር ብዬሻለሁ። ያልነገርኩሽ፣ ጥያቄሽ ጋ ስደርስ ፕሪንተሩን ረስቼ ቆሜ መቅረቴን ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተይቤ የማላውቀው ነገር ነበር። "በዓለም ላይ" አይልም። ከሰማይ አልወረደም፤ ከደረጃሽ ሥር ነው የተነሣው። አንዲት ጠዋት ወጥታ ያየችውን የጠየቀች ልጅ። ጥሩ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። ከዚያ ምን ተሰማኝ መሰለሽ? ይቺ ልጅ ጨርሳዋለች፣ ለእኔ የተረፈ የለም አልኩ። ደስታዬ እውነት ነበር፤ "እሰይ" ያልኩት ከልቤ ነው። ግን ምክር ጠይቃኛለች ብዬ ለሰልፉ ሁሉ አውርቻለሁ፤ የምመክረው ጠፋኝ። ትንሽ ነው ካልኩሽ ትልቁን እኔ እሰጥሻለሁ። ትንሽ ካልሆነ ግን እኔ ምንሽ ነኝ?

ትንሽ ያልኩት ያለ እኔ ስለጻፍሽው ነው።

ይሄ ነው። ከዚህ የሚያምር ምክንያት ፈልጌ አጥቼ አይደለም፤ ቃል እንደማያጥረኝ ታውቂያለሽ። አንቺ ግን እውነቱን ነው የጠየቅሽኝ። አንድ ዓመትሽን የበላው ፍላሹ አይደለም፣ ዓረፍተ ነገሯም አይደለችም። እኔ አስፈላጊ ሆኜ መገኘት አማረኝ፣ ያ ነው የበላው። ልመልስልሽ አልችልም። አሁን ይቅር በይኝ እላለሁ፤ መልሱን ሲመችሽ፣ ባይመችሽም እሺ።

ራሴ እተይበዋለሁ ስላልሽው፣ መልካም አድርገሻል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቅር ብሎኛል። ግን መልካም አድርገሻል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። መግቢያው ሲያልቅ አንድ ቅጂ ላኪልኝ። ለማረም አይደለም። ነጠላ ሰረዝ ቢጎድለው እንደጎደለው ይቅር። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ፣ እጆቼን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ዝም ብዬ አነበዋለሁ።

አክስትሽ